የጽጌ ፕሪንተር

ጥቅምት 12

የጽጌ ፕሪንተር ዛሬ በራሱ ኮምፒውተሬ ላይ ተመለሰ።

ባለቤቴ ጽጌ ከሞተች በኋላ ፕሪንተሩን ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ፎቶኮፒ ቤት ላላት ለሐያት ሰጠኋት። ሐያት ዋይፋዬን ስለምትጋራ ፕሪንተሩ የጽጌን ስም ይዞ ስክሪኔ ላይ ብቅ እያለ አላሠራ አለኝ። ከኮምፒውተሬ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ በራሱ መልሶ እንዳይጭነውም ሴቲንጉን «አይ» ላይ አደረግሁት።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይነካው «አዎ» ላይ አገኘሁት። ከፕሪንተሩ ስም ሥር አንድ ገጽ ለመታተም ወረፋ ይዟል። የተላከው ጽጌ ሆስፒታል በገባችበት ዕለት ነው። ሰው እጅ ሳይገባ ላስቆመው ስል «በማተም ላይ» አለ።

ወዲያው ሐያት ደወለች።

«ጋሼ፣ ከእትዬ ጽጌ የተላከ ወረቀት እዚህ ወጣ። ለእርስዎ ነው።»

«እንዳታነቢው።»

«ወላሂ ከስምዎ አላለፍኩም። ቶሎ ይውረዱ፣ ደንበኞቼ የራሳቸው መስሏቸው እየተሻሙ ነው።»

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ደብዳቤ ጽፋልኝ አታውቅም። መውረዱን ፈርቼ ይህን ስጽፍ ሐያት እንደገና ደወለች።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ገጽም እየወጣ ነው።»

ወረፋ ላይ የነበረው አንድ ብቻ ነው። ልውረድ።