አባትሽ ያልወረደበት ፌርማታ

ልጄ፣ የረገጥሽው ደጅ ሁሉ ይከፈትልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽን ግን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎታል። «ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ በየፌርማታው ሰው አወረድኩ እንጂ እኔ መች ወረድኩ?» አለና፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ቋጥረን አንዱ ፌርማታ ላይ እንወርዳለን። ተሳፋሪ ሆኖም ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። እኔም ብሶብኛል፤ የሰው አጥር አሻግሬ እያየሁ «እዚህ ማን ይሆን የሚኖረው?» እላለሁ። እሁድ ወንድምሽ ከነልጆቹ ለምሳ ሲመጣ ወሬውን እንሻማለን።

ባለፈው አንቺን የሸኘንበት አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ልወርድ ብነሳ፣ እጄን ያዘኝ። «እዚህ የምንወርደው እሷን ልንቀበል ነው» አለኝ።

ቆመሽ መብላቱን ተይ። ጤናሽን አያጉድልብሽ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፤ ለሦስት ሰው እቋጥራለሁ።

እናትሽ