ቢጫው ጃንጥላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀኝ ዓይኔ ዛሬ አየ። ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መርፌ ተሰብሮ ዓይኔን ሲወጋኝ አለቃዬ "ሥራ ጠልተሽ ነው" ብሎ ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ከለከለኝ። ዓይኔ ውስጡ መግል ሲቋጥር ሥራውን ጥዬለት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ መድኃኒቱን እዚያው ዓይኔ ውስጥ በመርፌ ስትሰጠኝ "ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል" ብላኝ ነበር።

ዛሬ ለምርመራ ተመልሼ ሐኪሟ ፊት ስቀመጥ፣ ራሴን እንዳላታልል ደህናውን ዓይኔን በመዳፌ አፍኜ ያዝኩት።

"ቀስ በይ ጓለይ፣ ልጄ፣ እሱንም ልታጠፊው ነው?" አለች አብራኝ የመጣችው እናቴ።

ሐኪሟ ጣቶቿን አነሳች። "ስንት ናቸው?"

"ሦስት።"

ከጀርባዋ፣ በዓይኔ ጭጋግ መሐል፣ አንድ ቢጫ ነገር ነበር። የእናቴ ጃንጥላ! ቢጫ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ፊደል ገና አይለይም፤ ከዚህ በላይ ላይሻለውም ይችላል ተብያለሁ። ይሁን። ነገ አለቃዬ ፊት ቆሜ ደህናውን ዓይኔን እሸፍናለሁ። በዚህኛው ልየው።