«ተሳቢው» አቶ ተረፈ ድንበሩ (ከ1957 እስከ 2018 ዓ.ም.)

አቶ ተረፈ ድንበሩ ከአባታቸው ከአቶ ድንበሩ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅነሽ ሰብስቤ መስከረም 17 ቀን 1957 ዓ.ም. ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በሚገኝ የመስቃን መንደር ተወለዱ። ዕለቱ መስቀል ነበር። ለበዓሉ የታረደው ሰንጋ ገና ሳይበለት እናታቸውን ምጥ ስለያዛቸው፣ ያን ዓመት በዚያ ቤት ክትፎ የተቀመሰው በማግሥቱ ነው። የመስቀልን ክትፎ አሳድሮ ያስበላ ሕፃን በጉራጌ ምድር ከዚያ በፊት አልተወለደም፤ ከዚያ ወዲህም አልተሰማም።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ቡታጅራ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ትምህርት ይወዱ ነበር ብንል ከመሬት በታች ሆነው ይታዘቡናል። የሚወዱት ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት ነበር። ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ የጤና ረዳት ብስክሌታቸውን በጀፎረው ላይ እንዲነዱ ይፈቅዱላቸው ነበርና ነው። ጀፎረ በቤቶች መካከል የተንጣለለ ሣር ስለሆነ የወደቀበትን አይሰብርም። ተረፈም ወደቁ፣ ተነሡ፤ በአንድ በጋ ውስጥ በዚያ ጀፎረ ላይ የሚቀድማቸው ፈረስ ጠፋ።

በ1973 ዓ.ም. አባታቸው፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን አባት፣ ልጃቸውን መርካቶ ወደሚነግዱ አጎታቸው ላኩ። የእኛ አገር ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ሱቅ ይዞ ይመለሳል። ተረፈ ብስክሌት ይዘው ተመለሱ፤ ለዚያውም በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭነው ሳይሆን ከመርካቶ ቡታጅራ ድረስ እየነዱ። አባታቸው በር ላይ ቆመው አዩአቸውና፣ «ሱቁስ?» አሉ።

«ይኸው፣ ሱቅ ነው። ጎማ አለው» ብለው መለሱ።

አቶ ድንበሩ እስከሚቀጥለው መስቀል ድረስ አላናገሯቸውም። ልጁ ግን የተናገሩትን ፈጸሙ። ቡታጅራ ላይ ብስክሌት የሚጠግኑበትና ለሰፈር ልጆች የሚያከራዩበት ቤት ከፈቱ፤ በዚህ ከተማ ዛሬ ዕድሜው ከአርባ የዘለለና ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው ካለ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ቤት በተከራየ ብስክሌት የተገኘ ነው።

ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ የማያውቅ እዚህ መካከል የለም። በሬ ያስቆማል። አቶ ተረፈ ያን ነፋስ በጉልበታቸው ሊገፉት ዓመታት ታገሉ። አንድ ቀን አቶ ከድሮ ሙሀመድሰይድ የሚነዷት የጫት መኪና እየበረረች ስታልፋቸው ተከትለው ከጀርባዋ ገቡ። ከጭነቱ ሸራ ኋላ ነፋስ የለም። እግራቸው ከዚያ በፊት በማያውቀው ፍጥነት መሽከርከር ያዘ። አቶ ከድሮ እንሴኖ ደርሰው ከጋቢና ሲወርዱ ከጭነት ሳጥኗ ግድግዳ፣ ከስፖንዳው ሥር ላብ ያጠመቀው ሰው ቆሞ አገኙ።

«ጫት ልትሰርቅ ነው?» አሏቸው።

«ጫትህ አለልህ። የሰረቅሁት ነፋሱን ነው» አሉ።

የሁለቱ ወዳጅነት የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም መሆኑን ያስታወሱት በጾም ወራት ብቻ ነበር፤ እሱም ማን እንደሚጋብዝ ለመወሰን። በሳምንቱ ውስጥ ደጋግመው ያን መንገድ አብረው ይወጡ ጀመር፤ አንዱ በመሪ፣ አንዱ በፔዳል። አቶ ተረፈ የፊት ጎማቸው ከመኪናዋ የኋላ መከላከያ፣ ከፓራውልቱ በክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ነበር የሚነዱት። ፊታቸው ሸራ እንጂ መንገድ ስለማይታያቸው ምልክት ተስማሙ። ግራ ፍሬቻ ጉድጓድ ነው፤ ቀኝ ፍሬቻ ከብት ነው፣ ከአስፋልት ውጣ ማለት ነው፤ ክላክስ ፍሬን ልይዝ ነው። በእነዚህ ሦስት ምልክቶች የተመራ እግር በኋላ የደረሰበትን ፍጥነት ብንናገር በለቅሶ ላይ ዋሹ ስለምንባል እንተወዋለን። የመኪናዋ ቆጣሪ ግን ያውቃል።

በጥቅምት 1983 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ የአቶ ከድሮ አማት ወይዘሮ ሃሊማ ከገበያ ሲመለሱ ዳር ይዘው ይሄዱ ነበር። አማት አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። አቶ ከድሮ ክላክስ እንዳያደርጉ፣ ከኋላ ያሉት ሰው ፍሬን መስሏቸው ይገለበጣሉ። ስለዚህ አማታቸውን በቀኝ ፍሬቻ ሰላም አሏቸው። አቶ ተረፈ ከብት መጣ ብለው ከአስፋልቱ ወጡ፤ የወጡትም መንገድ ዳር ሊደርቅ የተሰጣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት በርበሬ ላይ ነው። ሲነሡ ከፀጉር እስከ ጫማ ቀልተው ነበር። የቤቱ ልጅ ወይዘሪት ውድነሽ ወጥተው አዩአቸውና፣ «ዐይንህን ኋላ ታሻለህ። መጀመሪያ በርበሬውን ልቀም» አሉ። አቶ ተረፈ ፀሐይ እስክትጠልቅ እያለቀሱ ለቀሙ። ያስለቀሳቸው በርበሬው ነው ይሉ ነበር፤ ወይዘሮ ውድነሽ ግን እስከ ትናንት ድረስ «እኔን አይቶ ነው» ባይ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ኢዮብንና ሴት ልጃቸውን ሲፈንን ወለዱ። ወይዘሮ ሃሊማም በሠርጉ ላይ፣ ይህን ትዳር ያቆምሁት እኔ ነኝ ብለው ከፊት ተቀምጠዋል።

በ1989 ዓ.ም. የወልቂጤ ነጋዴዎች ተዋጥተው የዋቤ ዋንጫ የተባለ የብስክሌት ውድድር አዘጋጁ፤ ከወልቂጤ ጉብሬ ደርሶ መልስ። አቶ ተረፈ ስንት ሰው እንደቀደሙ መቁጠር አያስፈልግም፤ ሁሉንም ነው። ሁለተኛው ሲደርስ እሳቸው ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ብርጭቆውን መልሰው ነበር። ነገር ግን የሁለተኛው ደጋፊዎች፣ «ይህ ሰው የሰለጠነው በጫት መኪና እየተጎተተ ነው፤ ፍጥነቱ የመኪናው ነው» ብለው ከሰሱ። ከዳኞቹም አንዱ፣ «ተሳቢ ይሸለማል እንዴ?» ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። ተሳቢ ማለት ከከባድ መኪና ጀርባ ተቀጥሎ የሚሄደው፣ ሞተር የሌለው ነው።

አቶ ተረፈ፣ «መኪናው ቡታጅራ ቆሟል። እኔ ወልቂጤ ነኝ። ታዲያ ማን ጎተተኝ?» ብለው ጠየቁ። ዋንጫው ግን ለሁለተኛው ተሰጠ።

«ዋንጫውን ውሰዱት። እግሬን የመኪና ነው ያላችሁትን ቃል ግን ሳላስመልሳችሁ አልሞትም» ብለው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ።

ስሙ ከሳቸው ቀድሞ ቡታጅራ ገባ። በሕይወታቸው የቀደማቸው ይህ ስም ብቻ ነው። በመናኸሪያው፣ በገበያው፣ በዕድሩ ሳይቀር «ተሳቢ መጣ» ይባል ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ይደበቅ ነበር። አቶ ተረፈ ቀለም ገዝተው በቤታቸው በር ላይ «ተሳቢ የብስክሌት ጥገና» ብለው በትልቁ ጻፉ። የትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው፣ «ተሳቢ የራሱ ታርጋ አለው፤ ያንተ የታለ?» ቢላቸው፣ በማግሥቱ ከቆርቆሮ ቆርጠው ከኮርቻቸው ሥር ታርጋ ሰቀሉ። ፖሊሱ እየሳቀ ከሰሳቸው።

የአቶ ከድሮ ነገር ግን ሌላ ነበር። «ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» እያሉ ይብሰለሰሉ ጀመር። አቶ ተረፈ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «አንተ ነፋስ ነው የያዝክልኝ፤ ፔዳል አልመታህልኝም። አንድ ቀን እኔ ፊት እሆናለሁ፣ አንተ ትከተላለህ። ያን ቀን ተሳቢው ማን እንደሆነ ከተማው ያያል» አሉ። አቶ ከድሮም፣ «ወላሂ ከቀደምከኝ ክላክሴን እየነፋሁ በቡታጅራ መካከል እከተልሃለሁ» ብለው ማሉ። አቶ ተረፈ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ብታዘገይልኝ ግን ወዳጅነታችን አለቀ።»

መሐላው የተፈተነው በ1994 ዓ.ም. ከአረቅጥ ደጋ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ የአቶ ተረፈ የአክስት ልጅ፣ ጋቢና ውስጥ ነበረ። አቶ ከድሮ አላዘገዩም፤ እንዲያውም ያን ቀን መኪናዋን የሠሯት ሰዎች ሊያውቋት በማይችሉት አነዳድ ነው የነዷት። አቶ ተረፈ ከሸራው ጀርባ ወጥተው ነፋሱን በደረታቸው ተቀበሉ፤ በስፖንዳው አጠገብ አለፉ፤ ከጋቢናው መስኮት ጋር እኩል ሆኑ። ዞር ብለው አዩን። አልሳቁም። ከዚያ ግንባራቸው ከመኪናዋ አፍንጫ አለፈ። ሜዳው ላይ ሲቆሙ ግን አቶ ከድሮ፣ «ተስተካከልን እንጂ አልቀደምከኝም» አሉ።

«በግማሽ ጎማ ቀድሜሃለሁ።»

«ግማሽ ጎማ የት አለ? ምስክር አምጣ።»

ምስክሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ግን ዘመድ ስለሆነ አይታመንም ተባለ። ስለዚያ ግማሽ ጎማ ሁለቱ ሰዎች ሃያ ዓመት ያለፈው ክርክር ተከራክረዋል፤ ዕድሩም ሊያስታርቃቸው አልቻለም። አቶ ከድሮ ያላዩትን አየሁ የማይሉ ሰው ናቸው። አቶ ተረፈም በምሕረት የሚሰጥ ድል የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። መሐላውም ሳይፈጸም ቆየ።

አቶ ተረፈ ባለፉት ዓመታት ከቡታጅራ፣ ከእንሴኖና ከጉንችሬ የመጡ ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። አንዱንም ከመኪና ጀርባ አላስገቡም። «ከድሮን የመሰለ ሾፌር ካገኛችሁ ግቡ፤ አታገኙም» ይሏቸው ነበር። ፊት ሆነው ነፋሱን ራሳቸው ይይዙላቸው ነበር። ልጃቸው ሲፈን በ2009 ዓ.ም. በዚያው በወልቂጤ በሴቶች ውድድር አንደኛ ስትወጣ ከዳኞቹ አንዱ ከማን ጀርባ እንደሰለጠነች ጠየቃት። «ከአባቴ» አለች። ዳኞቹም ዋንጫውን ሸለሟት። አቶ ተረፈ ዋንጫውን ጥገና ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አድርገው የጎማ ሙጫ ያስቀምጡበት ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። የዕድሜ ልካቸው ጠላት ነፋስ በመጨረሻ በውስጣቸው አጠራቸው። ሐኪሞች ብስክሌት ቢከለክሏቸው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን ሐኪሞቹ እሺ መስሏቸው ነበር። መንዳት ሲያቅታቸው አቶ ከድሮ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ በእንሴኖ መንገድ በመኪናቸው ያንሸራሽሯቸው ጀመር። ጋቢና ግባ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ከኋላ ስፖንዳው ላይ ለጋቢናው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው፣ መንገዱ ከሥራቸው እየሸሸ ሲሄድ ያዩ ነበር። «ግማሽ ጎማ» ይሉ ነበር ሲወርዱ። «ተስተካከልን» ይሏቸው ነበር አቶ ከድሮ።

በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውድነሽን፣ ልጆቻቸውን ኢዮብንና ሲፈንን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ጠባሳቸውን የማይረሱ የቡታጅራ ልጆችንና ወንድማቸውን አቶ ከድሮን ትተዋል። በሥጋ ወንድማቸው አይደሉም የሚል ካለ ከአቶ ከድሮ ጋር ይነጋገር።

ይህ ጽሑፍ ተጽፎ ሳያልቅ ቤተሰቡ አስከሬኑን በአቶ ከድሮ መኪና ለመጫን ተማክሮ ነበር፤ በዚህ ከተማ ለእሳቸው የሚገባ ሌላ መኪና የለምና። አቶ ከድሮ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አዳመጡንና እንቢ አሉ።

«አልጭነውም» አሉ። «ዛሬ ከጫንሁት ለዘላለም ተሳቢ ነው የሚባለው። በትከሻችሁ ያዙት፣ ፊት ይሂድ። እኔ እከተለዋለሁ።» ከዚያም፣ «ግማሽ ጎማውንም ስጡት። አይቼዋለሁ። ያን ቀን አይቼዋለሁ፤ ነገ ደግሞ ለመከራከር እንዲመጣ ብዬ ነው የካድኩት» አሉ።

ስለዚህ ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ ከቤታቸው እስከዚህ ቤተ ክርስቲያን በቡታጅራ መካከል የሆነውን በዐይናችሁ አይታችኋል። አቶ ተረፈ ፊት ነበሩ። ክላክሷን እየነፋች ከኋላቸው የመጣችው መኪና አሁን ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፤ ሾፌሯም መሐላቸውን ፈጽመዋል። ወልቂጤ ላይ የተባለው ቃል ዛሬ ተመልሷል፤ ያልሰማ ካለ ተሳቢው ማን እንደነበረ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

እግዚአብሔር የአቶ ተረፈን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ከኋላቸው አንልም፤ አጠገባቸው።