ለዱባለ፦ ስለ ሃያ አንዱ ጠዋት

ወንድሜ ዱባለ፣
ሚካኤል ምስክሬ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ።

አንተ ተቆጥተህ ራቤል ከተማ እህታችን ዘንድ ከሄድክ ሃያ አንድ ቀን ሆነ። እኔ አንድም ጠዋት ሳልቀር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ፣ ከሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ ሦስት ሦስት መቶ ስግደት ሰግጃለሁ። ትናንትማ "እግዚኦ" ስል ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ቄሱ ራሳቸው "ወንዳፈራሁ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ለሌላውም ጸሎት ተውለት" አሉኝ።

ብቻዬን መሆኔ ምንም አልመሰለኝም።

እኔ በሌለሁበት ከመጣህ ቁልፉ ጎረቤታችን አዛለች ዘንድ ነው። የምትለብሰውን የሱፍ ባናህን አጥቤ ሰቅየዋለሁ። ባቄላ ተቀቅሏል። በየቀኑ የሁለት ሰው ነው የምቀቅለው፤ የሁለት ሰው ስለምበላ ነው።

"ከቤቴ ውጣ" ያልኩህን ነገር…

መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ውዬ ነገ እመለሳለሁ።
ወንዳፈራሁ

ልጄ ዱባለ፣ ይህን እሱ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ነኝ። አሁን ሄዷል። አንድ ቀንም ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ከወንድሙ የተጣላ ሳይታረቅ አይገባም ብሎ፣ በየጠዋቱ ከቅጥሩ ውጭ ይቆምና "ዛሬ ወንድሜን መልስልኝ" ብቻ ብሎ ይሄዳል።