በሚያዝያ ፀሐይ ስለተለካው የሐምሌ ቫርኒሽ

ለክቡር አቶ ህሩይ
የእንጨት ሥራ ድርጅታችን የምርት ዕቅድ ኃላፊ
አዘዞ

ክቡር ሆይ፣ ዝናብም ጭጋግም እንደማይነካው የጊዜ ሰሌዳዎ ጤናዎ ሳይናወጥ እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተማሪ ዴስክ ስገጣጥም የኖርኩት ባሪያዎ አንዱዓለም ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

፩. አስቀድሜ፣ ሚያዝያ ላይ ሰዓት ይዘው ከጀርባችን ስለቆሙ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ እንግዳ ቆሞ እያየን መንቀርፈፍ ነውር መስሎን ምሳ እንኳ ሳንበላ ተሯሯጥን፤ እርስዎም የዚያን ቀን ሩጫችንን የዘወትር ጉልበታችን አድርገው መዘገቡት።

፪. ከሰሌዳዎ የተሻለ ሊገኝ እንደማይችል ኮምፒውተሩ እንዳረጋገጠልዎ ነግረውናል፤ አልጠራጠርም። መላጉ ባለቀበት ደቂቃ መግጠሙ፣ መግጠሙ ባለቀበት ደቂቃ ቅቡ ይጀመራል፤ መሐል ላይ ለመናፈጥ እንኳ ክፍተት የለም። ሰሌዳዎ ቫርኒሹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል ይላል፤ በሚያዝያ ፀሐይ እውነት ነው። በሐምሌ ግን፣ መጋረጃዎን ገልጠው ቢያዩት፣ እስከ ማግሥቱም አይደርቅም። አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይቆማል፤ ዴስኩን ሊጭን የመጣው መኪና በር ላይ ይገተራል፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት የቀድሞው አለቃችን አያ ደሴ ለክረምት አንድ ቀን ትርፍ ይተዉ ነበር፤ እርስዎ ብክነት ነው ብለው ሰረዙት።

፫. አንዱ ሥራ ቢዘገይ ሰሌዳው እስከ ስንት ደቂቃ ሊታገሥ እንደሚችል በስብሰባ ብጠይቅዎ፣ «ሰሌዳው አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሠራተኛ ነው» አሉኝ። ተሳሳቱ የተባሉትም ቫርኒሽ ቀቢዋ ወይዘሮ ሽታዬ ናቸው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎታቸው ያላዩትን ማስጠንቀቂያ በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ተቀበሉ። ሦስተኛው ሰኞ ይጻፋል፣ ከዚያ ስንብት ነው ተብሏል። ምነው፣ ዝናቡን እሳቸው አዘነቡት እንዴ? እኔስ በእርስዎ ፈንታ አፈርኩ።

ይህን ሲያነቡ የባከነብዎትን ደቂቃ ከምሳ ሰዓቴ ላይ እንዲቀንሱት በሙሉ ልብ እየፈቀድኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አንዱዓለም ዳኛው
ከመገጣጠሚያ ክፍል

ማስታወሻ፦ ለቢሮዎ የታዘዘውን አዲስ ወንበር ወይዘሮ ሽታዬ ትናንት ቀብተው በሰሌዳዎ መሠረት ልክ በሁለት ሰዓቱ አስረክበዋል፤ አንዲት ደቂቃ አላሳለፉም። ዛሬ እንግዶች ሲገቡ ሁላችን ስንነሣ እርስዎ ብቻ ተቀምጠው የቀሩት ከንቀት እንዳልሆነ ለእንግዶቹ አስረድቻለሁ። ሰኞ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ የሚጻፍ ከሆነ ግን ሱሪዎ ለማስረጃነት አብሮ እንዲያያዝልን በትሕትና እጠይቃለሁ።