በርኖስህን ላመጣ በሄድኩበት

አባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። አንተ ስትሄድ ገብሱ ገና እሸት ነበር፤ አሁን ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። እኔ ግን እንዳኮረፍኩህ ነኝ። ኩርፊያዬ ከእራት እንደማያልፍ ስለምታውቅ ትስቅ ይሆናል። ይኼኛው አልፏል።

ቤታችን ተዘግቷል። እኔ እዚሁ ዘመሮ ከተማ፣ ወንድምህ ጋሼ ተክሌ ቤት ገብቻለሁ። ፊቴን ሳልታጠብ መምከር ይጀምራሉ፤ ሬዲዮ ቢሆኑ ኖሮ ባትሪያቸው ድሮ ባለቀ። ጥቁሯ በግህ ወልዳለች። ግልገሉ እንዳንተ ግትር ነው።

ሆስፒታል ተኝተህ የምንጫወተውን ጨዋታ አስታውሰው እስቲ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ስለቀረን እርስ በርስ ላንዋሽ ተማምለን ነበር። ስለዚህ የጠያቂውን ውሸት እየመዘንን ለአንደኛው ዋንጫ እንሰጣለን። ጉበትህ ታሞ ሆድህ እንደ ከበሮ ሲነፋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ "እሰይ፣ ወፈርክ!" አሉህ። ጋሼ ተክሌ ደግሞ "ወዝህ ተመልሷል፤ ለእርሻ ትደርሳለህ" እያሉ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉና "ይሄ ጭስ!" ይላሉ። ሆስፒታል ውስጥ ምን ጭስ አለ? እነሱ ሲወጡ አንተ እስክታስል ትስቅ ነበር።

ዋንጫ ያላገኘችው ነርሷ ሲስተር ሰናይት ብቻ ናት። በዚያ ብርድ እጇን ብብቷ ውስጥ ሳታሞቅ ነክታህ አታውቅም። እንቅልፍ ቢወስድህ እንኳ "አባቴ፣ አሁን ወደ ግድግዳው ላዞርዎት ነው" ብላ ነግራህ ነው የምታገላብጥህ። ከንፈርህ ሲደርቅ ጥጥ በውሃ ነክራ ታረጥብልሃለች። "ይድናል?" ስላት "ዛሬ ሕመሙን አስታግሰንላቸዋል" ትለኛለች። ስለ ነገ ስጠይቃት ስለ ዛሬ እንደምትመልስልኝ ልብ አላልኩም።

አንድ ቀን ጠዋት "በረደኝ" አልክ። ራቤል ከተማ፣ እናትህ ዘንድ ያለውን በርኖስህን እንዳመጣልህ ከጋሼ ተክሌ ጋር ላክኸኝ። ያን ሰሞን ብርድ ልብሱን እየገፈፈ የሚጥል፣ "መስኮቱን ክፈቱልኝ" የሚል ሰውዬ በረደው! የሰው ውሸት መዛኟ እኔ ግን ምንም አልገባኝም። "እስክትመለሺ እጠብቅሻለሁ" አልክ። እኔም ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ራቤል እንደደረስን ለጋሼ ተክሌ ተደወለላቸው። ወጥተው አውርተው ተመለሱና "ወደ ሆስፒታል የሚሄድ መኪና የለም" አሉኝ፤ መኪናው ደጃፍ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ። በርኖሱን እንኳ ሳልይዝ አቻኩለው ወደ ዘመሮ ወሰዱኝ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተከታትለው ገቡ። እኔ የደረስኩት ለቀብርህ ነው።

በኋላ ልብስህን ላመጣ ሆስፒታል ሄጄ ሲስተር ሰናይት ላይ ጮህኩባት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጇን አሙቃ እጄን ያዘችና "ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ሁሉንም፣ አልኳት። ለካ አንተንም እንዲሁ ጠይቃህ ኖሯል። "ሁሉንም ንገሪኝ፤ ለልጄ ግን ራሴ እነግራታለሁ" ብለሃታል። በየቀኑ "ነገሯት?" ስትልህ "ነገ" ትላት ነበር። ነገ ሲያልቅብህ ራቤል ላክኸኝ። መድኃኒቱ ሕመምህን እንደያዘልህ፣ እስከ መጨረሻው እጅህን ይዛ እንደነበር፣ "ደርሳ ይሆን?" ብለህ እንደጠየቅክ ነገረችኝ።

ያንን እጅ መያዝ የኔ ነበር፣ አባዬ። ለሌላ ሰው ሰጠህብኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስማ። ለእናትህ አልተነገራቸውም ነበር። "ልባቸው አይችልም" ብለው ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ባለፈው ራቤል ስንሄድ ጥቁራችንን አወለቅን። ጋሼ ተክሌ ለሐዘን ያሳደጉትን ጢም ተላጩ፤ መንገዱን ሙሉ "ፊትሽን ፍቺው፣ ሳቅ በይ" እያሉ አሠለጠኑኝ። እኔን የዋሹኝ ሰዎች አሁን ለውሸታቸው ሊቀጥሩኝ ነው። ሁሉን ሲደብቁ ግን በርኖስህን ረስተውታል፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። የእማማ ዓይን ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። ዳሰስ አደረጉትና "ልጄ በርዶት ያስመጣው በርኖስ እዚህ ምን ይሠራል?" አሉ።

"እዚያ ሞቆት ነው እማማ፤ ደግሞም ወፍሯል" አሉ ጋሼ ተክሌ።

እማማ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። "አንቺ ንገሪኝ።"

ጋሼ ተክሌ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቅኩና እጃቸውን ያዝኩ። "እማማ፣ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?"

እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። "አዘቅዝቀሽ አልብሺኝ" አሉ። እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አለበስኳቸው። ጋሼ ተክሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭስ ሳያሳብቡ አለቀሱ። እማማ "ተሠቃየ?" ብቻ ነው ያሉኝ። አልተሠቃየም፣ እጁን የያዘለት ሰው ነበር፣ አልኳቸው። ያ ሰው እኔ አለመሆኔንም ነገርኳቸው።

ገና ይቅር አላልኩህም። ዋንጫው ግን ያንተ ነው፣ ማንም አይወስድብህም። ሳቅህን አልረሳም። "እጠብቅሻለሁ" ያልክበትንም ድምፅ አልረሳም፤ እሱንማ በተለይ።

ስንወጣ እማማ በርኖስህን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እሱን ደርቤ ነው የምጽፍልህ። በረደኝ፣ አባዬ። የኔ ግን እውነት ነው።

ልጅህ