ቤቱ የእልፍነሽ ነው

እኔ ዳኘው ቢረሳው፣ ከጎንደር መጥቼ በእስራኤል አገር የቂርያት ማላኪ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ፣ ልቤ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያግባባኝ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በሁለት ምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። ቀኑ ከእኛ ከቤተ እስራኤላውያን የስግድ በዓል ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ነው። ቃሌን የሚጽፈው ጎረቤቴ አቶ ወርቅነህ ነው። ያማከርናት ጠበቃ “ወራሽ ክፍሉ ውስጥ መገኘት የለበትም” ስላለች ባለቤቴ እልፍነሽ ጎረቤት ሄዳለች። ሁለት ጊዜ ተመልሳ አንኳኩታ “አልጨረሳችሁም ወይ?” ብላለች። ይህም ይጻፍልኝ።

አንደኛ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መኖሪያ ቤታችን ከነዕቃው የእልፍነሽ ነው። ግማሹ ድሮም የእርሷ ነበር፤ የእኔንም ግማሽ ጨምሬላታለሁ። ለልጆቼ ከዚህ ቤት አንድ ክፍል እንኳ አልተውኩም። ምክንያቱን ይስሙ።

ባለፈው ፋሲካ ልጄ አምባው “አባ፣ ክፉውን ያርቀውና፣ አንተ ባትኖር እማ ብቻዋን ምን ትሠራለች? ቤቱን እንሽጠውና ያላ፣ በቃ፣ ገዴራ ከተማ እኛ ጋ ትምጣ” አለኝ። ልጄ ሼሊ ደግሞ “ግማሹን ዓመት እሱ ጋ፣ ግማሹን ያቭነ እኔ ጋ፤ ቤሰደር፣ እሺ?” አለች። እናታቸው እዚያው ቆማ ሳህን ታጥብ ነበር። አንዳቸውም አልጠየቋትም። ልጆቼ ክፉዎች አይደሉም፤ ይህን የሚሉት ስለሚወዷት ነው። ነገር ግን ሰው በሕይወት እያለ እንደ ሟች ቤቱን መከፋፈል ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ደርሶብኛል።

በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በኢትዮጵያ አየር ኃይል የቦንብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ነበርኩ፤ ለአብራሪው መንገዱን የማሰላ ማለት ነው። ኦጋዴን ላይ ተመታን። አብራሪዬ ሻምበል ይርሳውና እኔ በጃንጥላ ወርደን ተማረክን፤ አሥራ አንድ ዓመትም ሶማሊያ ውስጥ ታሰርን። ጎንደር እያለን ወደ ኢየሩሳሌም ለመጸለይ የምንዞርበት አቅጣጫ እዚያ አይሠራም ነበር። ስለዚህ በእስር ክፍላችን መስኮት ጥላ አስልቼ ኢየሩሳሌም ያለችበትን አገኘሁና ግድግዳው ላይ በማንኪያ ጫርኩ። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ዞሬ ስቆም ይርሳው “አንተ ናቪጌተር፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት እንገባለን?” ይለኛል። “ነፋሱ ከፊት ነው፤ ትንሽ እንዘገያለን” እለዋለሁ።

መንደራችን የደረሰው ወሬ ሞቷል የሚል ነበር። ወንድሜ ደባሱ ተዝካሬን በራሴ በሬዎች አወጣ። እልፍነሽ ግን ለሐዘን አልተቀመጠችም፤ ከድግሱም አልቀመሰችም። ሽማግሌዎች ሌላ ባል ሊያመጡላት ሲመጡ “ያልቀበርኩት ባል አለኝ” ብላ መለሰቻቸው።

ተፈትቼ መንደሩ ስደርስ ቄሱ ከድንጋዩ አጥር ማዶ አስቆሙኝ። በሥርዓታችን ከባዕድ መካከል የመጣ ሰው ታጥቦ ቀኑ እስኪሞላ ውጭ ይቆያል፤ የነካውም ሰው አብሮት ይቆያል። ሰዉ ሁሉ ከሩቅ እልል ይላል፣ የሚጠጋኝ የለም። እልፍነሽ አጥሩን ዘላ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

“አንቺ ሴት፣ አሁን እኮ አንቺም ውጭ ልታድሪ ነው” አሏት ቄሱ።

“አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ውስጥ አድሬያለሁ፤ ሁለት ሆነን ውጭ ብናድር ምን ይጎድልብኛል?” አለቻቸው።

ቄሱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ቀናችን ሲሞላ ከአጥሩ ውጭ ካደርንባት ጎጆ እኔና እርሷ አሸንፈን ወጣን። እንግዲህ በሕይወት እያለሁ ሟች ከመሆን ያዳነችኝን ሴት፣ በሕይወት እያለች ማንም ከቤቷ አያስወጣትም።

ሁለተኛ። መኪናዬ ለአምባው ነው፤ በየሆስፒታሉ ሲያመላልሰኝ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ከእስር ቤት ይዣት የወጣሁት ማንኪያ፣ ያለ ስልክ እርዳታ ከያቭነ ቂርያት ማላኪ መድረስ ለማትችለው ልጄ ለሼሊ ትሰጥ።

ሦስተኛ። ወንድሜ ደባሱን ስለ በሬዎቹ ይቅር ብዬዋለሁ። በቀብሬ ላይ ግን ንግግር አያድርግ። አንድ ጊዜ አድርጓል፤ ጥሩ ንግግር እንደነበርም ሰምቻለሁ።

አራተኛ። እልፍነሽ ቤቱን መሸጥ፣ ማከራየት፣ በወደደችው ቀለም ማስቀባት መብቷ ነው። ገዴራ ወይም ያቭነ መግባት ካማራትም አሳቡ ከራሷ ይምጣ። ሌላ ሰው ማግባት ብትፈልግ፣ ልጆቼ፣ ሠርጓን ደግሱላት። በአባታችን ስም ተቀመጪ የሚላት አይኑር። ጠብቃኛለች፤ እኔም መጥቻለሁ።

ተናዛዥ፦ ዳኘው ቢረሳው (ፊርማ)

እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው ምስክሮች፣ ከውርሱ ምንም የማይደርሰን፣ ቃሉን ከአንደበቱ ሰምተናል። ከዳር እስከ ዳር ተነብቦለት “ልክ ነው” ብሎ በፊታችን ፈርሟል።

አቶ ወርቅነህ አድማሱ (ፊርማ)
ወይዘሮ ሙሉሸዋ ታከለ (ፊርማ)